ኪራይ የማይከፍል ተከራይ

አዲስ አበባ ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ሕግ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ሕግ ማለት እትዬ አከራይ በረንዳቸው ላይ ቆመው የሚያውጁት ነው። መብራት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይጠፋል። እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው፤ «ወንድሜ ነው» የተባለ እንግዳማ በቀንም ባይመጣ ይመረጣል። ውሃ በባልዲ፣ ያውም በእሳቸው ባልዲ፣ ተለክቶ ይቀዳል። ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም። እኔ በዚህ ሕግ ተገርቼ ነው አሜሪካ የመጣሁት። ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሼ ከአገር ልጆች ጋር ቤዝመንት ስንጋራ፣ መስኮት የሚባለው ጣሪያው ሥር ያለች፣ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ነበረች። ቅር አላለኝም። ቢያንስ መብራቱን የሚያጠፋብኝ አልነበረም።

ዘመን አልፎ እኔም ባለቤት ሆንኩ። ቤቱ የባንኩ ቢሆንም ምስማር ብመታ ከሚስቴ በቀር የሚቆጣኝ የለም። ዕድሜ ልኩን ተከራይ የኖረ ሰው አንድ ቀን በተራው አከራይ ሆኖ፣ በረንዳ ላይ ቆሞ አዋጅ ቢያውጅ ደስ ይለዋል። ተከራይ መጣልኝ። ከነጅራቱ ከመሀል ጣቴ ብዙም አይበልጥም፤ አንዱ ዓይኑ ወደ እኔ፣ ሌላው ዓይኑ ወደ ጣሪያው ያያል። ኪራይ አይከፍልም። አዋጁንም የሚያወጣው እሱ ሆነ።

እስስት ነው።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ናት። መጀመሪያ የፈለገችው ውሻ ነበር። አማቴ አብረውን ስለሚኖሩ ጉዳዩ ለእሳቸው ቀረበ። «ውሻ በዚህ በር ከገባ እኔ በዚያው በር እወጣለሁ» አሉ። ድመት ተነሣ፤ ባለቤቴ ታስነጥሳለች። ዓሣ ተነሣ፤ አማቴ «ለመቼ ነው የሚጠበሰው?» ብለው ሲጠይቁ ልጅቷ አለቀሰች። በመጨረሻ እስስት አለችን። አይጮኽም፣ ፀጉር አያራግፍም፣ በበረዶ ውስጥ ለሽርሽር ውሰዱኝ አይልም፣ አይሸትም። ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ይህች ልጅ ጠበቃ ትሆናለች ብዬ የጠረጠርኩትም ያን ጊዜ ነው፤ አንድ ቃል ሳትዋሽ ስንቱን ነገር ሸሽጋ እንደነበር የገባን ቆይቶ ነው።

«እስስት!» አሉ አማቴ፣ አማትበው። «አገር ቤት ስንቱን እስስት ጥለን መጥተን፣ ደግሞ እዚህ በዶላር እንግዛ?»

ያለዘባቸው የዘር ሐረጉ ነው። ልጄ የመረጠችው ዝርያ አገሩ የመንና የሳዑዲ ደቡብ ምዕራብ ነው፤ ከባብ ኤል መንደብ ማዶ፣ እኛን ፊት ለፊት የሚያዩን ተራሮችና ሸለቆዎች። አናቱ ላይ ቆብ የሚመስል አጥንት አለው፤ ሲያድግ ቆቡም አብሮት ያድጋል። የእኛው ግን እዚሁ አሜሪካ የተፈለፈለ ነው፤ ወላጆቹም የመንን አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ይህን ስንነግራቸው የአማቴ ፊት በራ። «የአረብ ቤት ልጅ ነዋ!» አሉ። በልጅነታቸው ሰፈራቸው ጥግ ሱቅ የነበራቸው፣ ስኳርና ክብሪት በዱቤ የሚሰጡ የመናዊ ትዝ ብለዋቸው ነው። የአገር ሰው ባይሆን የጎረቤት ሰው ሆነ፤ በዚህች ቪዛ ገባ።

አንድ ወዳጄ ደግሞ «አገር ቤት ሞልቶ የለ? የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ነው» አለኝ። ሞልቷል፤ ከባሌ ተራሮች ውጪ የትም የማይገኙ ዝርያዎች አሉን፤ አንዱ አፍንጫው ላይ ጥንድ ቀንድ ተክሎ የሚሄድ ነው። ግን እስስት በርበሬ አይደለም፣ በሻንጣ አይመጣም። ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ከጫካ የተያዘ እስስትም ሆዱ ውስጥ ጥገኛ ትል፣ ልቡ ውስጥ ድንጋጤ ይዞ ስለሚመጣ ብዙ አይቆይም። ወዳጄ አልተዋጠለትም። እሱ ኮሶና ዳማከሴ ሳይቀር አስመጥቶ የሚያውቅ ሰው ነው።

ወደ ቤት ጉዳይ እንምጣ። የመደብሩ ሻጭ «ለጀማሪ» ብሎ ያወጣልን የመስታወት ሣጥን ነበር፤ ከውሃ ሳህን፣ ከሚሞቅ ድንጋይና ከቀይ አምፖል ጋር። ልጄ እጇን አጣምራ አየችውና «አንዱም አይሆንም» አለችው። እስስት የዛፍ ሰው ነው። መሬት ላይ መኖር ለእሱ ውርደት ነው፤ ከፍታና ነፋስ ይፈልጋል። ስለዚህ ቤቱ ከሽቦ ወንፊት የሚሠራ፣ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ የሚበልጥ ነው፤ ለሕፃን 40 በ40 ሆኖ ወደ ላይ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል። አየር በደንብ በማይዘዋወርበት መስታወት ውስጥ እርጥበቱ ይታፈንና ሳንባውን ያመዋል። በዚያ ላይ የገዛ ምስሉን መስታወቱ ላይ ያይና ሌላ እስስት የመጣበት መስሎት ቀኑን ሙሉ ሲፎክር ይውላል። እኔ የኖርኩባት ቤዝመንት ለእስስት ተከራይታ ቢሆን ኖሮ የእንስሳት መብት ተሟጋቾች በሩ ላይ ሰልፍ ይወጡ ነበር።

የቤት ዕቃው ደግሞ ዛፍ ነው። እስስት እግሩ ላይ ጣቶቹ ሁለት በአንድ ወገን፣ ሦስት በሌላው ወገን ተጣብቀው መቆንጠጫ ሆነዋል፤ ስለዚህ ቅርንጫፉ እሱ ሊጨብጠው የሚችለው ቀጭን መሆን አለበት። አንዱ ከላይ አምፖሉ አጠገብ፣ ሌላው መሀል፣ ሌላው ታች ጥላው ውስጥ ይጋደማል፤ ጌታው ሲበርደው ይወጣል፣ ሲሞቀው ይወርዳል። ዙሪያውን ፋይከስና ፖቶስ ተተከለለት፤ ቅጠሉ ምናልባት መድኃኒት ተነፍቶበት ይሆናል ተብሎ አንድ በአንድ ታጠበ። ፕላስቲክ ቅጠል ለምን አይበቃውም ብዬ ጠየቅሁ። ይህ ዝርያ ሲያድግ ቅጠሉን ይበላዋል አለችኝ። አማቴ ሲሰሙ አዘኑ። «እኛስ ኪራይ ሳንከፍል ቀርተን እናውቃለን፤ ግድግዳውን የበላ ተከራይ ግን አላየሁም።»

ከዚያ የመብራት አዋጅ ወጣ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይበራል፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይጠፋል። 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ድፍን ጨለማ፤ የሻጩ ቀይ አምፖልም ሌሊት አይፈቀድም። ታይመሩን ስንሞላ ልጄ «ከሰባት እስከ ሰባት» አማቴ «ከአንድ እስከ አንድ» እያሉ ተከራከሩ። እኔ ለአማቴ ፈረድኩ። ቀኑን ከንጋት አንድ ብሎ የሚጀምር፣ ቀንና ሌሊቱን እኩል የሚያካፍል ፍጡር በእኛ ሰዓት ነው የሚኖረው። ሜሪላንድ በታኅሣሥ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድቅድቅ ሲል፣ ከቤታችን አንድ ጥግ ብቻ በወጉ ይመሻል።

ችግሩ ጥጉ ሳሎን ውስጥ መሆኑ ነው። እስስት ሲተኛ የቴሌቪዥን ብርሃን ይረብሸዋል። ስለዚህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ እግር ኳስ የሚያይ ሰው ታች ይወርዳል ተባለ። ስንት ዓመት ለፍቼ፣ ስንት ዓመት ከፍዬ፣ ተመልሼ ቤዝመንት ገባሁ።

ሙቀቱም የራሱ አዋጅ አለው። ከአምፖሉ ሥር ለሕፃን 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፤ ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይግላል፣ ከዚያ ካለፈ ይጎዳዋል። ታች ያለው ቦታ ቀዝቀዝ ይላል፤ ሌሊት ደግሞ ወደ 18 ቢወርድ ግድ የለውም፣ እንዲያውም ይስማማዋል። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ቴርሞሜትር ተሰቀለ። ይህ ሁሉ ሲሰናዳ ሚስቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር። «እኔ አንድ ዲግሪ ከፍ አድርግልኝ ስልህ ‹የመብራት ቢል!› ትል የነበርከው ሰውዬ አንተ ነህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሁለተኛውን ቴርሞሜትር አስተካከልኩ።

አማቴ ቤቱን የተቆጣጠሩት በፀሐይ ጉዳይ ነው። እስስት ያለ ፀሐይ አጥንቱ አይጠነክርም። ከፀሐይ ከሚመጣው ጨረር ዩቪቢ የሚባለው ቆዳው ላይ ሲያርፍ ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ ያለ ቫይታሚን ዲ የበላው ካልሲየም አጥንቱ ውስጥ አይገባም፤ እግሩ ይቆለመማል፣ መንጋጋው ይልፈሰፈሳል፣ ምላሱን መወርወር ያቅተዋል። ልጄ ይህን በእንግሊዝኛ ቀላቅላ ስታስረዳ አማቴ አቋረጧት። «ይሄማ ሕፃን ፀሐይ ማሞቅ ነው! እናትሽን በረንዳ ላይ ቅቤ ቀብቼ ያሞቅኋት እኔ አይደለሁ? ሳታሞቂው የቀረሽው ልጅ እግሩ ይጣመማል።» ልክ ናቸው፤ የሕፃኑ ሪኬትስና የእስስቱ ሕመም ሥራቸው አንድ ነው። እሳቸው ግን በዚህ አልቆሙም፤ ሣጥኑን በሙሉ ይዘው መስኮት ሥር ሊያስቀምጡት ተነሡ። ልጄ ደግሞ በተራዋ አስተማረቻቸው። የመስኮት መስታወት ሙቀቱንና ብርሃኑን ያሳልፋል፤ ዩቪቢውን ያስቀረዋል። በተዘጋ መስኮት ሥር የሞቀ ሕፃን ሞቀው እንጂ ፀሐይ አላገኘም። አማቴ ዝም ብለው ካሰቡ በኋላ «አዲስ አበባ ለእህትሽ ደውይላት» አሏት ለሚስቴ። እህቷ አራስ ናት፤ ፎቁ ላይ ሆና ልጇን በመስኮት ነበር የምታሞቀው። አንድ ሕፃን እስስት በዚህ መንገድ አዲስ አበባ ያለ ሕፃን በረንዳ ላይ አስወጣ።

ለእኛው ሕፃን ዩቪቢ የሚሰጥ ረጅም የፍሎረሰንት አምፖል ተገዛ። የዚህ አምፖል ተንኮሉ ለዓይን ሳይደክም ውስጡ መድከሙ ነው፤ ብርሃኑ ፏ እንዳለ ጨረሩ ያልቃል፣ ስለዚህ ሳይቃጠል በየጊዜው ይቀየራል። ያልተቃጠለ አምፖል ነቅሎ መጣል ለእኔ ትውልድ ከባድ ነው። የተነቀለውን ጋራዥ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ውሃ ከሳህን አይጠጣም። ሳህን ሙሉ ውሃ አጠገቡ አስቀምጠው በጥም ሊሞት ይችላል፤ የረጋ ውሃ ውሃ መሆኑን አያውቀውም። የሚያውቀው ቅጠል ላይ ያረፈ፣ የሚያብለጨልጭ ጠብታ ነው። ጠዋትና ማታ በመርጫ ቅጠሉ ይረጥባል፤ በመካከሉ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ መድረቅ አለበት፣ አለዚያ ሳንባው ይታመማል። አማቴ መርጫውን አልወደዱትም። በብርጭቆ ውሃ ይዘው፣ በጣታቸው እየነከሩ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይረጩታል። የሚሉትን አልሰማሁም፤ ተከራያችን ግን ራሱን ቀና አድርጎ ይቀበላል።

ከምግቡ የባሰ የለም። የሚበላው ነፍሳት ነው፤ ያውም በሕይወት ያለ፣ የሚንቀሳቀስ፣ ርዝመቱም በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ርቀት የማይበልጥ። ክሪኬት የሚሏትን የፌንጣ ዘመድ፣ ገና ደቃቅ ሳለች፣ በካልሲየም ዱቄት ነስንሰን በቀን ሁለቴ እናቀርባለን። አንዳንዴ ለለውጥ ያህል መብረር የማትችል የፍራፍሬ ዝንብ በጠርሙስ ትገዛለች። አማቴ ዝንቧን በዶላር ስንገዛ ሲያዩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጭራ ሲያባርሩት የኖሩት ሀብት መሆኑ ነው።

የሚበላውን ነፍሳት ደግሞ ማብላት አለ። ክሪኬቷ ባዶ ሆዷን ከሆነች እስስቱ የሚውጠው ልብሷን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከመበላቷ በፊት ጎመንና ካሮት ትጠግባለች። ጎመኑ የሚቀነሰው ከእኛ ድስት ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ የቤታችን ሥርዓት እንዲህ ሆነ፤ እኛ ጎመን እንበላለን፣ ክሪኬቶቹም ጎመን ይበላሉ፣ ሥጋ የሚበላ ግን አንድ ተከራይ ብቻ ነው። አማቴ «ሕፃን ጾም የለበትም» ብለው ፈቀዱለት። ሳይበላ የተረፈ ክሪኬት ማታ ይለቀማል፤ የተኛውን ሕፃን ይነክሰዋልና። ደቃቆቹ አይጮኹም፤ መጮኽ የአዋቂ ወንድ ሥራ ነው። ነገር ግን ከሣጥን ያመለጡት ከማቀዝቀዣው ኋላ ለአቅመ አዳም ደርሰው፣ አሁን ሌሊቱን ሙሉ ያዜማሉ።

ምላሱን ሲወረውር ማየት የፈለገ እንግዳ ብዙ ነው። ደግሞም የሚታይ ነገር ነው፤ በ2016 ብራውን ዩኒቨርሲቲ የነበረ ተመራማሪ ሃያ ዝርያዎችን ለክቶ፣ በምላስ ፍጥንጥነት ትናንሾቹ እስስቶች ትልልቆቹን እንደሚበልጡ አሳይቷል፤ የአንዲት ደቃቅ ዝርያ ምላስ አነሣሥ፣ ለመኪና ቢሆን ኖሮ፣ በሰከንድ መቶኛ ውስጥ ከዜሮ ወደ 97 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚያደርስ ነው። ግን የእኛው ሰው እያየው አይበላም። ዓይን ካረፈበት ክሪኬቷ አፍንጫው ላይ ብትሄድም ድርቅ ይላል። ልጄ ይህን «ጭንቀት» ትለዋለች። አማቴ ግን ወዲያው ነው የገባቸው። ነጠላቸውን አምጥተው በሣጥኑ አንድ ጎን ጣል አደረጉበት፤ ሲመገብ የሰው ዓይን እንዳያገኘው። ሠራ! አዋቂዎቹም አንዱን ጎን መከለል ይመክራሉ፤ ቡዳ የሚለውን ቃል ባይጠቀሙም።

ቀለሙን ለማየት የሚመጡት ግን በነጠላ አይመለሱም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመጡ ዘመዶች ባንዲራ ያለበት ሻርፕ ዘርግተው «እስቲ እዚህ ላይ አድርጉት» አሉ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እንዲሆንላቸው ነው። የትኛው ባንዲራ እንደነበር አልናገርም፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጭቅጭቅ አስነሥቶ ነበር። ተከራያችን ሻርፑ ላይ ወጥቶ ጥቁር ቡናማ ሆነ። አኩርፎ ነው። የእስስት ቀለም የቆመበትን ወለል ለመምሰል የሚለወጥ አይደለም፤ ሲበርደው ሙቀት ለመሳብ ይጠቁራል፣ ሲናደድ ይደምቃል ወይ ይጨልማል፣ ሲተኛ ይገረጣል። በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ የማዳጋስካር ዝርያ መርምረው ምስጢሩን አውጥተዋል። ቆዳው ውስጥ ባሉ ሴሎች ዓይን የማያያቸው ክሪስታሎች ተደርድረዋል፤ እንስሳው ሲረጋጋ ይጠጋጋሉ፣ ሲቆጣ ይራራቃሉ፤ ክፍተቱ ሲለወጥ የሚያንጸባርቁት ብርሃንም ይለወጣል። እንግዲህ እስስት የልቡን ፊቱ ላይ የሚያወጣ ፍጡር ነው። ስንቱን ሰው በስሙ ስንሰድብ ኖርን! ከልቡ አኩርፎ ፊቱ የሚስቀውን ምን ብለን እንጥራው?

እስካሁን «እሱ» ስል የቆየሁት ሻጩ «ወንድ ነው» ስላለን ነው። አማቴ አላመኑም። የዚህ ዝርያ ወንድ ሲፈለፈል ጀምሮ የኋላ እግሩ ተረከዝ ላይ ትንሽ ጉብታ አለችው፤ ሴቷ የላትም። ልጄ አጉሊ መነጽር ይዛ ጠጋ አለች። ጉብታ የለም። ሴት ናት።

«ታዲያ ትዳር ሊፈለግላት ነው?» አሉ አማቴ። አይፈለግም፤ እስስት ከእስስት ጋር አብሮ አይኖርም፣ ወንድምና እህት እንኳ ጥቂት ወር ከሞላቸው ቤት ይለያሉ። የደባል ኑሮ የሚባል ነገር አያውቁም። ዳሩ ግን ያለ ባልም እንቁላል ትጥላለች፤ ገና ዓመት ሳይሞላት፣ በአንድ ጊዜ ከሃያ እስከ ሰባ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። አይፈለፈሉም፤ ግን መጣል አለባት። የምትቆፍርበት ጥልቅ ባልዲ እርጥብ አሸዋ ካላገኘች እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ሊገድላት ይችላል። አማቴ ይህን ሲሰሙ ከሁላችንም ቀድመው ባልዲ ፍለጋ ጋራዥ ገቡ። «አራስ ናት እኮ» ይላሉ። ስለ ገንፎውም ሊጠይቁ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ልጄ ቀደመቻቸው። አድጋ ስትጨርስ ምግቧ ይቀንሳል፤ ብዙ የበላች ሴት ብዙ እንቁላል ትሸከማለችና ቀን እየዘለለች ነው የምትበላው። አማቴ ረቡዕና ዓርብን አስበው ረክተዋል።

የቀረን አንድ ድርድር ነው። ያቺ 75 ሳንቲ ሜትር ቤት የሕፃን ናት። ለአዋቂ የሚመከረው 60 በ60፣ ቁመቱ 120 ነው፤ ተከራይዋ ደግሞ በየሳምንቱ ስትረዝም ይታያል። ልጄ ሜትር ይዛ ሳሎኑን ለክታ ጨርሳለች። ለዚያ ቤት የሚበቃ ቦታ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ የሚስቴ ቢፌ የቆመበት። ቢፌው ውስጥ እንግዳ ሲመጣ እንጠጣባቸዋለን የተባሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ግን የማይወጡ ብርጭቆዎች አሉ። ሚስቴ አይነካም አለች። አማቴ ከተከራይዋ ጎን ቆሙ። እኔ በአንድ ወገን ሁለት፣ በሌላው ወገን ሁለት ድምፅ እንዳይሆን ብዬ ድምፀ ተዓቅቦ አደረግሁ፤ ስለዚህ ተሸነፍን። ቢፌ የሚፈልግ ካለ፣ ከነመስታወቱ በነፃ ነው፤ ቅዳሜ መኪና ይዞ ይምጣ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ቢሆን ግን ጥሩ ነው።